ድር ካላበረ፦ የተያያዙ ቅንጣቶችን ትስስርና ሰበቃ በኮምፒውተር ስለ መምሰል

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። በቅንጣቶች መካከል ያለውን ትስስርና ሰበቃ በኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ እንዴት እንደምናስቀምጥ ነው የምናገረው። ከዚህ ጠባብ በር በስተጀርባ ግን ሰፊ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድ ተዳፋት፣ አንድ የመሠረት ጉድጓድ ወይም አንድ ዋሻ ነገም ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ነው።

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። ትስስርና ሰበቃ የአፈርንም ሆነ የዓለትን ጥንካሬ የሚሠሩ ሁለት ባለድርሻዎች ናቸው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ በአንድ ጊዜም አይሄዱም። ይህን ቅደም ተከተል የዘነጋ ስሌት የሌለ ጥንካሬ ይቆጥራል። የሌለ ጥንካሬ የቆጠረ ስሌት ደግሞ፣ በወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከሥሩ ሰው የሚያሳድር ስሌት አይደለም።

በቃላቱ እንጀምር። ሰበቃ ማለት ሁለት አካላት ተጫጭነው ሳለ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት የሚከለክለው ኃይል ነው። ዋና ጠባዩ በጭነት ላይ መመሥረቱ ነው፤ ጭነቱ ሲበዛ ይበዛል፣ ጭነቱ ሲነሣ ይጠፋል። የኮንሶ እርከኖች ለዚህ ከሚጠቀሱት ሁሉ የላቁ ምሳሌዎች ናቸው። የድንጋይ ካቦቹ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው፤ የሚያቆማቸው የድንጋዩ ክብደት፣ የካቢው ጥበብና ሰበቃ ነው። በካብ ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ ጸንቶ የሚኖረው ከላዩ የሚጫነው ሌላ ድንጋይ ስላለ ነው።

ትስስር ግን ጭነት ባይኖርም የሚኖር ጥንካሬ ነው። ደረቅ የበሶ ዱቄት ስትዘግኑ በጣቶቻችሁ መካከል ይፈስሳል። ጥቂት ውኃ ጠብ ሲልበት ግን ይጨበጣል፤ ጭብጦ ሆኖ በመዳፋችሁ ላይ ይቀመጣል። ማንም ከላይ አልተጫነውም፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል። በአፈር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት የሸክላ ቅንጣቶች መሳሳብ፣ በቅንጣቶች መካከል የሚቀመጥ ቀጭን ውኃ፣ በዘመናት ብዛት የዘቀጠ ማዕድናዊ ሲሚንቶና የዕፅዋት ሥሮች ናቸው። በዓለት ውስጥ ደግሞ ማዕድናቱ ራሳቸው እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው የበቀሉ ናቸው።

እነዚህን ሁለት ጠባዮች በአንድ ቀመር ያስቀመጠልን ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ኩሎም ነው። ኩሎም በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ዓመታት ያሳለፈ ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር። በ1773 እ.ኤ.አ. ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሐሳብ ዛሬም ተማሪዎቻችን በቃላቸው የሚይዙት ነው፦ የመሸራተት ጥንካሬ ማለት ትስስር ሲደመር፣ በመሸራተቻው ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ጫና በሰበቃው ማዕዘን ታንጀንት ተባዝቶ። ይህ ቀመር ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሕንፃዎችንና ግድቦችን አቁሟል፤ ላወግዘው አልመጣሁም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመካከሉ ባለችው «ሲደመር» በምትባለው ቃል ላይ ነው። መደመር ማለት ሁለቱም በአንድ ቅጽበት በሙሉ ዐቅማቸው ተገኝተዋል ማለት ነውና።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልሻገር። ፒተር ከንዳልና ኦቶ ስትራክ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የቅንጣት ክምችትን እንደ አንድ ወጥ አካል ሳይሆን እንደ ብዙ ነጻ አካላት የሚያይ ስሌት አቀረቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ቅንጣት ለብቻው እንከተላለን። ከጎረቤቱ ጋር ሲነካካ በንክኪው ላይ እንደ ሞላ የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል፤ ወደ ጎን የሚጎትተው ኃይል ከሰበቃው ወሰን ሲያልፍ ንክኪው ይንሸራተታል። ከዚያ በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት ቅንጣቱ በጣም አጭር በሆነ የጊዜ እርምጃ ወደ አዲስ ቦታ ይሄዳል። ይህ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ እርምጃዎች ይደጋገማል። አሸዋው እንዴት እንደሚፈስስ፣ ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ግድግዳውን እንዴት እንደሚገፋ የሚነግረን የተዘጋጀ ቀመር የለም፤ መልሱ ከንክኪዎቹ ድምር ይወጣል።

ይህ ስሌት ሲጀመር ትኩረቱ በይበልጥ በሰበቃ ላይ ነበር። ዴቪድ ፖትዮንዲና ከንዳል በ2004 እ.ኤ.አ. ለዓለት የሚሆን የተያያዙ ቅንጣቶች ሞዴል አቀረቡ። በየንክኪው ላይ አንዲት ትንሽ የሲሚንቶ ድልድይ እንዳለች ይታሰባል፤ ማያያዣ ልበላት። ይህች ማያያዣ መሳብን፣ መሸራተትንና መጣመምን ትቋቋማለች። ያረፈባት ጫና ከጥንካሬዋ ሲያልፍ ትበጠሳለች፤ አንድ ጊዜ ከተበጠሰችም አትመለስም። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቅንጣቶች መካከል የሚቀረው ሰበቃ ብቻ ነው፤ እሱም ቅንጣቶቹ ተጫጭነው ከቆዩ ነው። የሞዴሉ ትልቅ ጸጋ እዚህ ላይ ነው፦ ትስስርንና ሰበቃን በአንድ ከረጢት ከማጨቅ ይልቅ ለየብቻቸው፣ በየተራቸው እንዲሠሩ ያደርጋል።

ይህ ተራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ በላይ ያሳየ አንድ ዋሻ አለ። በካናዳ ማኒቶባ ግዛት፣ የኒውክሌር ዝቃጭን ከምድር በታች ስለ ማስቀመጥ ለማጥናት በተቋቋመ የምድር ውስጥ ላቦራቶሪ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በ420 ሜትር ጥልቀት ላይ 3.5 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ዋሻ ተቆፈረ። ዓለቱ ላክ ዱ ቦኔ የሚባል ግራናይት ነው፤ ስንጥቅ የማይታይበት ጤናማ ዓለት ነበር። ቁፋሮውም ድማሚት ሳይነካው ተካሄደ።

ስሌቱን ከእኔ ጋር ተከታተሉ። በዚያ ጥልቀት ዓለቱን የሚጨምቀው ትልቁ የተፈጥሮ ጫና 60፣ ትንሹ ደግሞ 11 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። በክብ ዋሻ ጣሪያና ወለል ላይ የሚሰበሰበው ጫና ትልቁ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ትንሹ ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ ይህም 169 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የግራናይቱ የመጨመቅ ጥንካሬ በላቦራቶሪ ሲለካ 200 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው። ስለዚህ በተለመደው አስተሳሰብ ዋሻው መነካት አልነበረበትም። ሆኖም ቁፋሮው እየገፋ ሲሄድ ጣሪያውና ወለሉ በስስ በስሱ እየተላጠ በሁለቱም በኩል ስለታም ጎድጓዳ ቅርጽ ተፈጠረ። ከልኬቶቹ እንደታየው ዓለቱ መሰበር የጀመረው በላቦራቶሪ ከተለካው ጥንካሬ ግማሽ ገደማ ላይ ነበር።

ምን ሆነ? ማርቲንና ቻንድለር በ1994 እ.ኤ.አ.፣ ሐጂአብዶልማጂድ፣ ካይዘርና ማርቲን በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶች መልሱን አብራርተዋል። ዓለት ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ትስስሩ ነው፤ ለዚያም በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ መለጠጥ ይበቃዋል። ሰበቃ ግን የሚነሣው ስንጥቁ ከተፈጠረና የስንጥቁ ሁለት ገጾች ተጫጭነው መንሸራተት ከጀመሩ በኋላ ነው። በዋሻው ግድግዳ ዳር ደግሞ ገጾቹን አጥብቆ የሚጫን ነገር የለም፤ በአንድ ወገናቸው ያለው ባዶ አየር ነው። ስለዚህ ትስስሩ ሄደ፣ ሰበቃውም ሳይደርስ ቀረ። የድምሩ ቀመር ግን ሁለቱንም በሥራ ላይ እንዳሉ አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። የዚህ ተረት ክብደት ያረፈው በድሩ ብዛት ላይ ይመስለናል፤ ያረፈው ግን «ቢያብር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሺህ ድር ተራ በተራ ቢበጠስ አንበሳውን አንድ ጊዜም አላሰረውም። በማያያዣዎቹ መካከልም ያለው እንደዚሁ ነው። አንዷ ስትበጠስ ሸክሟ ወደ ጎረቤቶቿ ይዞራል፤ ጎረቤቷም ብዙ ጊዜ ከዐቅሟ በላይ ይጫንባታል። የማያያዣዎቹን ጥንካሬ ደምረን የክምችቱን ጥንካሬ ማግኘት የማንችለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው በእጃችን አለ። ነገር ግን መሣሪያው ራሱ ሦስት ወጥመዶች አሉት፤ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎችን ስመረምር ደጋግመው የሚያጋጥሙኝም እነዚሁ ናቸው።

የመጀመሪያው ወጥመድ በቅንጣት ደረጃ ያለውን ቁጥር ከክምችቱ ቁጥር ጋር ማምታታት ነው። በላቦራቶሪ የተለካ የአፈር ሰበቃ ማዕዘን 30 ዲግሪ ከሆነ፣ ብዙ ተማሪ የ30 ዲግሪን ታንጀንት በየንክኪው ላይ ያስገባና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፍጹም የለሰለሱ፣ በንክኪያቸው ላይ ምንም ሰበቃ የሌላቸው ሉሎች እንኳ ሲከመሩ 6 ዲግሪ ያህል የሰበቃ ማዕዘን እንዳላቸው በስሌት ታይቷል። ይህ ጥንካሬ የሚመጣው ሉሎቹ እርስ በርስ ተገጣጥመው መንገድ ስለሚዘጋጉ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በንክኪው ላይ ያለውን የሰበቃ ቁጥር ከ0.5 በላይ እያሳደግን ብንሄድ የክምችቱ የሰበቃ ማዕዘን ብዙም አይጨምርም። ሉሎች መንሸራተት ሲከለከሉ መንከባለል ይጀምራሉና። እውነተኛ የአሸዋ ቅንጣት ግን ማዕዘን አለው፤ እንደ ብይ አይንከባለልም። ኢዋሺታና ኦዳ በ1998 እ.ኤ.አ. ለንክኪው መንከባለልን የሚቋቋም ጠባይ እንዲሰጠው ያቀረቡት ለዚህ ነው። ሌሎችም ብዙ ሉሎችን አጣብቀው ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ቅንጣቶችን ይሠራሉ።

ይኸው ችግር በተያያዙ ቅንጣቶች ላይ ይብሳል። ቅድም የጠቀስኩት ግራናይት በጭመቃ 200 ሜጋ ፓስካል ሲቋቋም በመሳብ የሚቋቋመው 9.3 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው፤ ሬሾው ከ20 በላይ ነው። ክብ ቅንጣቶች ያሉት የ2004ቱ ሞዴል በጭመቃው ጥንካሬ ላይ እንዲስማማ ሲደረግ የመሳብ ጥንካሬው እጅግ ይገንናል፤ የሰበቃው ማዕዘንም ከዓለቱ እጅግ ያንሳል። ደራሲዎቹ ራሳቸው ይህን በግልጽ ጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የተሻሻሉ ሞዴሎችም የተወለዱት ከዚህ ግልጽነት ነው። ለእኛ ያለው ትምህርት ይህ ነው፦ በአንድ ሙከራ ላይ የተስማማ ሞዴል ዓለቱን መሰለ ማለት አይደለም። ብርቱ ማያያዣና ደካማ ሰበቃ፣ ወይም ደካማ ማያያዣና ብርቱ ሰበቃ፣ አንዱን የጭመቃ ቁጥር እኩል ሊሰጡ ይችላሉ። የሚለያዩት ሌላ ጥያቄ ስንጠይቃቸው ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የመጠን ወጥመድ ነው። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሙሉ አሸዋ፣ ቅንጣቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከአራት ቢሊዮን በላይ ቅንጣቶች ይይዛል። አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሆነ ተዳፋት በአንድ ሚሊዮን ቅንጣት እንምሰለው ብንል ደግሞ እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ ሁላችንም ቅንጣቱን እናገዝፋለን። ሰበቃ ይህን ይታገሣል፤ የሰበቃ ቁጥር መለኪያ የሌለው ንጹሕ ሬሾ ስለሆነ ለጠጠርም ለቋጥኝም አንድ ነው። ትስስር ግን አይታገሥም።

እርጥብ አሸዋን እንውሰድ። በሁለት እኩል ሉሎች መካከል ያለች ቀጭን ውኃ የምትስብበት ትልቁ ኃይል ከሬዲየሱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ክብደት ግን ከሬዲየሱ ኩብ ጋር ያድጋል። ሬዲየሱ 0.1 ሚሊ ሜትር ለሆነ አሸዋ ይህ የመሳብ ኃይል ከቅንጣቱ ክብደት 400 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሬዲየሱ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብልጫው 4 ጊዜ ብቻ ነው። ሬዲየሱ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውኃዋ የጠጠሩን ክብደት 4 በመቶ ብቻ ትሸከማለች። ልጆች በወንዝ ዳር ከእርጥብ አሸዋ ቤት ሲሠሩ፣ ከእርጥብ ጠጠር ግን የማይሠሩት ለዚህ ነው።

በሞዴል ውስጥ ቅንጣቱን መቶ ጊዜ አግዝፈን የማያያዣውን ኃይል እንዳለ ብንተወው አፈሩን ሳናውቀው ደረቅ አሸዋ አድርገነዋል። የክምችቱ የመሳብ ጥንካሬ በአንድ ማያያዣ ላይ ያለው ኃይል ለቅንጣቱ ዲያሜትር ካሬ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር ስለሚሄድ፣ ትስስሩን ጠብቀን ለማቆየት የማያያዣው ኃይል አሥር ሺህ ጊዜ ማደግ ይኖርበታል። ይህም ሆኖ ሁሉም ነገር አይድንም። በተያያዙ ቅንጣቶች ሞዴል ውስጥ ስንጥቅ እንዳይዘልቅ የሚከለክለው ጽናት ከቅንጣቱ መጠን ካሬ ሥር ጋር አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ስለ ስንጥቅ ስናጠና የቅንጣቱ መጠን ለኮምፒውተራችን ምቾት ብለን የምንመርጠው ነገር አይደለም፤ የቁሱ አንድ ጠባይ ሆኖ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ወጥመድ በቃል ላይ ያለ ነው። በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ሰበቃ ሁለት ቦታ ይጠየቃል። አንደኛው ማያያዣዋ በሕይወት ሳለች ጭነት ሲበዛባት የመሸራተት ጥንካሬዋ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው ነው። ሁለተኛው ማያያዣዋ ከተበጠሰች በኋላ በባዶው ንክኪ ላይ የሚቀረው ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ አንድ ቁጥር በሁለቱም ቦታ የሚጽፍ ብዙ ነው። አካላቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ ስለ ሲሚንቶው ጠባይ፣ ሌላው ስለ ተሰበረው ገጽ ሻካራነት ይናገራል። በአንዳንዱ ሞዴል ማያያዣዋ ሳትበጠስ ንክኪው ጨርሶ አይንሸራተትም፤ በሌላው ደግሞ ማያያዣዋና ሰበቃው ጎን ለጎን ሸክም ይካፈላሉ። የትኛውን እንደመረጠ ያልጻፈ ጥናት ውጤቱን ማንም ሊደግመው አይችልም።

ከዚሁ ጋር ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ትስስሩ ከተበጠሰ በኋላ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። የሲሚንቶ ማያያዣ አይመለስም። የውኃ ድልድይ ግን ሁለቱ ቅንጣቶች እንደገና ሲነካኩ እንደገና ይፈጠራል፤ ዝናብ ቀዳዳውን ሁሉ በውኃ ሲሞላው ደግሞ ሳይበጠስ በራሱ ይጠፋል። የሸክላም መጣበቅ ከንክኪ ጋር ይታደሳል። እነዚህን ሁሉ «ትስስር» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ በሞዴል ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ሕግ ልንሰጣቸው አይገባም።

ይህ ሁሉ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ውጪ ምን ትርጉም አለው? አንድ ተዳፋት በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ለሀገራችን ደጋማ አካባቢ ግን እንግዳ አይደሉም። ተዳፋቱ 35 ዲግሪ ያዘነብላል። መንሸራተቻው ገጽ 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት 18 ኪሎ ኒውተን፣ የሰበቃው ማዕዘን 30 ዲግሪ፣ ትስስሩ 8 ኪሎ ፓስካል ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ቀመር የትስስሩ ድርሻ 0.32፣ የሰበቃው ድርሻ 0.82 ነው፤ ድምሩ 1.14 ይሆናል። ከ1 በላይ ስለሆነ ተዳፋቱ ይቆማል እንላለን።

አሁን ተራውን እናስገባ። ማያያዣዎቹ በትንሽ መለጠጥ የሚበጠሱ ናቸው እንበል፤ በዚያ ቅጽበት ሰበቃው ገና 60 በመቶ ብቻ ተነሥቷል እንበል። የሰበቃው ድርሻ 0.49 ይሆናል፤ ከትስስሩ ጋር 0.81 ነው። ከዚያ በኋላ ሰበቃው ሙሉ በሙሉ ይነሣል፤ ትስስሩ ግን ሄዷል፤ የሚቀረን 0.82 ነው። መጽሐፉ የሰጠን 1.14 በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ደረጃ ላይ አልተገኘም። እንዲህ ያለ ተዳፋት ቆሞ ካየነው ትስስሩ ከገመትነው በላይ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ያ ትስስር ሲጠፋ የምንከፍለውም የዚያኑ ያህል ይበዛል። ከሰበቃ ማዕዘኑ በላይ ያጋደለ ተዳፋት ሁሉ በትስስር ዱቤ የቆመ ነው። ዱቤውን የሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ ክረምት ነው።

በከተማችን በየግንባታው ቦታ የምናየው የመሠረት ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ቀጥ ተደርጎ የተቆፈረ ግድግዳ ያለ ድጋፍ የሚቆምበት ከፍታ ከትስስሩ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ከላይ በጠቀስኩት ክብደትና የሰበቃ ማዕዘን፣ ትስስሩ 10 ኪሎ ፓስካል ሲሆን ግድግዳው እስከ 3.8 ሜትር፣ 5 ሲሆን እስከ 1.9 ሜትር ይቆማል። ትስስሩ ዜሮ ሲሆን ዜሮ ነው፤ ሰበቃው ምንም ያህል ቢሆን ቀጥ ያለ ግድግዳ አያቆምም። «ትናንት ቆሞ አድሯል» የሚለው ማስረጃ ስለ ትናንት እርጥበት እንጂ ስለ ዛሬ ዝናብ አይናገርም። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አፈር የሚያወጣው የቀን ሠራተኛ ግን በዚያ ማስረጃ ተማምኖ ነው የሚገባው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት ናዳ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አልፏል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳሉ ሁለተኛው ናዳ የወደቀባቸው ነበሩ። ጎረቤትን ለማዳን መሮጥ ከባህላችን ሁሉ የከበረው ነው፤ ያን ሩጫ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ግን ከዚያ ቀን የቀረልን ጥያቄ አለ። አንድ ናዳ ከወረደ በኋላ ከላዩ የሚቀረው ገደል እግሩ የተወሰደበት ነው፤ ከቀድሞው ይልቅ የቆመም ነው። በውስጡ ስንት ማያያዣ እንደተረፈ ከውጭ አይታይም። ለዓይን ጸንቶ የቆመ ይመስላል። በስሌታችን ውስጥ የዚያን ገደል ትስስር ገና እንዳልተነካ ቆጥረን «ይቆማል» የምንል ከሆነ፣ ሰው ከሥሩ እንዲገባ ፈቅደናል ማለት ነው። ትስስሩን ዜሮ አድርገን የምናሰላበት አንድ ተጨማሪ ሩጫ ኮምፒውተሩን አንድ ሌሊት ቢያስቆየው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ፣ ለባልደረቦቼም ጭምር፣ አራት ነገሮችን አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ በየጽሑፋችሁ ውስጥ በንክኪ ላይ ያስገባችሁትን ቁጥርና ከክምችቱ የወጣውን ቁጥር በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ጻፉ። ሁለቱን በአንድ ስም አትጥሩ።

ሁለተኛ፣ ሞዴላችሁን በአንድ ሙከራ ብቻ አታጣጥሙ። ቢያንስ በመሳብ፣ ያለ ዙሪያ ጫና በመጨመቅና በተለያየ የዙሪያ ጫና በመጨመቅ ፈትኑት። የመሳብ ሙከራ ማያያዣውን ያናግራል፤ የዙሪያ ጫና ሙከራ ሰበቃውን ያናግራል። ሁለቱንም ያልሰማ ዳኛ ፍርድ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ የቅንጣታችሁን መጠን በግማሽ ቀንሳችሁ ስሌቱን ድገሙት። መልሱ ከተለወጠ፣ ያገኛችሁት ስለ ቅንጣታችሁ እንጂ ስለ ተዳፋቱ አይደለም።

አራተኛ፣ ተዳፋትን ወይም ጉድጓድን የሚመለከት ሥራ ሁሉ ትስስሩ ሳይኖር የተሠራ አንድ ውጤት ይኑረው። ያ ውጤት ለንድፍ ላይመረጥ ይችላል፤ ነገር ግን ምን ያህሉ ደኅንነታችን በሚጠፋ ነገር ላይ እንደቆመ ይነግረናል። አሠሪውም፣ የወረዳው አስተዳዳሪም፣ ከተዳፋቱ ሥር የሚኖረው ገበሬም ይህን የማወቅ መብት አላቸው።

ጥሩ ኮምፒውተር፣ ውድ ሶፍትዌር የለንም የሚል ቅሬታ በየጊዜው እሰማለሁ፤ እውነትም አለው። ከእነዚህ ከአራቱ አብዛኞቹ ግን ውድ ኮምፒውተር የሚጠይቁ አይደሉም። ለቅንጣቶች ስሌት የሚሆኑ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ። ትንሽ ሞዴል በጥንቃቄ የተመረመረ እንደሆነ፣ ካልተመረመረ ግዙፍ ሞዴል ይልቅ ይታመናል። የሚጎድለን የማስሊያ ዐቅም ብቻ አይደለም፤ በሀገራችን አፈርና ዓለት ላይ የተሠሩ፣ ትስስርንና ሰበቃን ለየብቻ የለኩ የላቦራቶሪ ውጤቶች ናቸው። የጥቁር አፈራችን፣ የቀይ አፈራችን፣ የተሰባበረው ባዛልታችን ትስስር በደረቅና በእርጥብ፣ ከመጎዳቱ በፊትና በኋላ ምን ያህል እንደሆነ ለክቶ በይፋ የሚያስቀምጥ ተማሪ ለዚህ ፋኩልቲ ትልቅ ቅርስ ያስቀምጣል።

ኩሎም «ሲደመር» ያለውን እኛ «በየተራው» ብለን ማንበብ ከቻልን የዛሬው ንግግሬ ፍሬ አፍርቷል። ለጥያቄያችሁና ለአስተያየታችሁ በቂ ጊዜ አለን፤ በተለይ በመስክ ላይ የምትሠሩ መሐንዲሶች የምትሉትን ለመስማት እጓጓለሁ።